ከተለገሰ ዓይን የሚተርፈው ጠርዝ አይጣል፤ ይመርመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ዓይኑን ሊለግስ ቃል የገባ ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ጆሮ የሚገባ አንድ ወሬ አለ። «ዓይኑ ውስጥ ትል ቢኖርስ? ለሌላው በሽታ ቢሆንበትስ?» ይባላል። ወሬው እንዲያው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም። ጥርት ያለ መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ግን ለሰው ብርሃን ሊሆን የሚችል ዓይን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከማይክሮስኮፕ ሥር ጥገኛ ተውሳክ ስፈልግ ነው። ከሰገራ፣ ከደም፣ ከቆዳ፣ አንዳንዴም ከዓይን ላይ ከተጫረ ናሙና። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የምለው አለኝ።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ካፋ ተወልደው ያደጉ፣ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው የኖሩ ሰው ነበሩ። ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተዋል። ወረቀቱን ከመታወቂያቸው ጋር ነበር የሚያስቀምጡት። ሬሳው ገና ቤት እያለ አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ተነሳና «እሳቸው ያደጉበት አገር የወንዝ ዳር ዝንብ አለ። ዓይን ውስጥ ትል ያስገባል። የሰው ዓይን ታጠፋላችሁ» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። ባለቤታቸው ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ላቦራቶሪ ስትሠሪ ነው የኖርሽው፤ እስቲ ንገሪን» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ልጆቹ ግን ፈሩ። ይደወል አይደወል ሲባባሉ ሰዓቱ አለፈ። የሚለገስ ዓይን መወሰድ ያለበት በሰዓታት ውስጥ ነውና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ያን ቀን ለቤተሰቡ ያልኩትን ለአንባቢም ልበል።

መጀመሪያ፣ የሚለገሰው ሙሉ ዓይን አይደለም። ለተቀባዩ የሚተከለው ከፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ስስ ሽፋን ነው፤ የዓይን ብሌን የምንለው፣ ሐኪሞቹ ኮርኒያ የሚሉት። መሀል ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። የደም ሥር የለውም። ንቅለ ተከላው ከሌሎች አካላት ይልቅ የሚቀለውም በከፊል ለዚህ ነው። በዘመናዊ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ኦሎሞውትስ ከተማ ውስጥ፣ ኖራ ዓይኑን ላጠፋበት የቀን ሠራተኛ ብሌን ተከለለት። የእኛ አገር ዓይን ባንክ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ነው። የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዙ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት ብሌናቸው ጠባሳ የያዘ ነው።

ብሌን ሲለገስ ምን እንደሚመረመር ብዙ ሰው አያውቅም። ባለሙያዎቹ መጥተው የሟቹን የሕመም ታሪክ ይጠይቃሉ። ደም ይወስዳሉ። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ዓይኑ በአዮዲን ይጸዳል። ብሌኑ ዙሪያውን ካለው ነጭ የዓይን ክፍል ጠርዝ ጋር ተቆርጦ ሮዝ መልክ ያለው ፈሳሽ በያዘ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። እንደ ፈሳሹ ዓይነት እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የውስጠኛው ንብርብር ሕዋሳትም ይቆጠራሉ። ፈሳሹ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ አለ።

ለጥገኛ ተውሳክ ተብሎ በመደበኛነት የሚደረግ ምርመራ ግን የለም። ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአብዛኛው ዓለም እንዲሁ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል። እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን በንቅለ ተከላ መተላለፉ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ነገር ግን ያልተፈለገ ነገር አይገኝም። ሕይወቴን ሙሉ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።

አሁን ለቅሶ ቤት ስለተነሳው ትል ልንገራችሁ። በሽታው ኦንኮሰርኪያሲስ ይባላል፤ ባጭሩ ኦንኮ እንለዋለን። የሚያስተላልፈው በፈጣን ወንዞች ዳር የሚራባ ጥቁር ዝንብ ነው። በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል ይገኛል። እናቲቱ ትል የምትኖረው ዓይን ውስጥ አይደለም። ከቆዳ ሥር ባለ እብጠት ውስጥ ተቀምጣ ከ10 ዓመት በላይ እጭ ትለቃለች። ዓይን ውስጥ የሚገቡት እጮቹ ናቸው።

እጮቹን ለማግኘት ከሕመምተኛው ዳሌ አካባቢ ኢምንት የቆዳ ቅንጣት እንወስድ ነበር፤ ደም እስኪወጣ ድረስ አይቆረጥም። የምንጠቀምበት ትንሽ መቁረጫ መጀመሪያ የተሠራው ለዓይን ቀዶ ሕክምና ነው። ቅንጣቷን ሳላይን (የጨው ውሃ) ጠብታ ውስጥ እንጥልና እንጠብቃለን። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። እጮቹ ከቆዳው እየወጡ ሲጠማዘዙ ታያላችሁ። ርዝመታቸው የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ያህል ነው። አንዳንዱ ናሙና ባዶ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ለመቁጠር እስኪያስቸግር ይርመሰመሳል። ይህ ሁሉ ከሩዝ ፍሬ ካነሰች ቁራጭ ቆዳ ነው።

ዓይን ውስጥ ሲሆን ፍለጋው ይከብዳል። ሕያው እጭ ብሌን ውስጥ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ጥሩ ስሊት ላምፕና የለመደ ዓይን ይፈልጋል። በሕይወት ያለን ሰው ስንመረምር አንገቱን አቀርቅሮ ጭንቅላቱን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቀመጥ እናደርጋለን። እጮቹ ወደ ፊተኛው የዓይን ክፍል እንዲመጡልን ነው። ከሟች ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ብሌኑ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ በኋላ ደግሞ እጭ ቢኖርበት እንኳ እንቅስቃሴው ላይታይ ይችላል።

እንግዲህ ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። እጭ ያለበት ብሌን ቢተከል እንኳ እጩ ተቀባዩ ውስጥ አድጎ ትል መሆን አይችልም። ለማደግ የግድ ዝንቧ ውስጥ ማለፍ አለበት። እዚያው ጊዜውን ጨርሶ ይሞታል። ጉዳቱ ሲሞት የሚያስነሳው መቆጣት ነው፤ አዲስ የተተከለን ብሌን መቆጣት ሊጎዳው ስለሚችል ቀላል ነገር ነው አልልም። ግን ሐኪሙ ካወቀ የሚከታተለው፣ መድኃኒትም ያለው ነገር ነው። በዚያ ላይ ኢቨርሜክቲን በእነዚህ አካባቢዎች በየዓመቱ፣ አንዳንድ ቦታም በዓመት ሁለቴ፣ ሲታደል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። መርክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለዚህ በሽታ በነፃ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። በቁመት መለኪያ ዘንግ ተለክተው ክኒኑን የዋጡ ሁሉ ያስታውሱታል። እናቲቱን ትል ባይገድልም እጮቹን ያጸዳል። የእኛ አገር ኦንኮ ደግሞ ከዓይን ይልቅ ቆዳን በማሰቃየት ነው የሚታወቀው። ስለዚህ «የካፋ ሰው ዓይን አይለገስም» የሚባል ነገር የለም። ይህን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝም አትበሉት።

ሁለተኛው ቶክሶፕላዝማ ነው። ከድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ካልበሰለ ሥጋ የሚመጣ ነው። ጥሬ ሥጋና ክትፎ በምንወድ ሰዎች ዘንድ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የተደረጉ የደም ጥናቶች አብዛኛው አዋቂ ተውሳኩ አንድ ጊዜ እንዳገኘው ያሳያሉ። ብዙዎቻችን ሳይታወቀን ይዘነው እንኖራለን። ዓይን ውስጥ ሲደበቅ ቦታው በስተጀርባ ያለው ሬቲና ነው። ሬቲና ደግሞ አይተከልም። «ለጋሾችን ለቶክሶ በደም እንመርምርና ያለበትን እንጣል» የሚል ሰው ቢመጣ አብዛኛውን ብሌን ቆሻሻ ውስጥ መክተት ነው የሚሆነው። ይህን ምርመራ አልደግፍም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። አካንታሚባ ይባላል። ዓይን ውስጥ ሳይገባም ራሱን ችሎ ውሃና አፈር ውስጥ የሚኖር አሜባ ነው። በቧንቧ ውሃ፣ በኩሬ፣ በመዋኛ፣ በአቧራ ውስጥ አለ። ሀብታም አገሮች ውስጥ በብዛት የሚይዘው ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉትን ነው። እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ እብቅ ወይም አፈር ዓይኑን የጫረው ገበሬ በወንዝ ውሃ ሲታጠብ ሊይዘው ይችላል። ነገር ሲከፋበት ድርብ ግድግዳ ሠርቶ ይሸሸጋል። በዚያ ሁኔታ እያለ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን አይበግረውም። የዓይን ባንኩ ብልቃጥ ውስጥ ያለው አንቲባዮቲክም ለባክቴሪያ እንጂ ለእሱ አይደለም።

የኦንኮ እጭ ተቀባዩ ዓይን ውስጥ አይራባም ብያለሁ። አካንታሚባ ግን ይራባል። ሌላም አለ። ብሌን የተተከለለት ሰው ሰውነቱ እንዳይገፋው የስቴሮይድ ጠብታ ይሰጠዋል። ስቴሮይዱ መቆጣቱን ሲያበርድ አሜባው በዝምታ ይስፋፋል። ዓይኑ ሲቀላና ሲያም «ሰውነቱ እየገፋው ነው» ተብሎ ጠብታው ሊጨመርለት ይችላል። ከአንድ ወር በኋላ ነገሩ ሲታወቅ ብዙ ነገር ተበላሽቷል። በጊዜው ቢታወቅ ግን ክሎርሄክሲዲንን የመሰሉ ጠብታዎች አሉ። ልፋት ቢኖረውም ዓይኑ ይተርፋል። ለዚህ ነው ጊዜ የምለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ከቀዶ ሕክምናው የሚተርፈው ጠርዝ ይመርመር።

ጠርዝ የምለው ይህ ነው። ዓይን ባንኩ ብሌኑን ከነጩ የዓይን ክፍል ጋር ነው የሚልከው። ቀዶ ሐኪሙ በክብ መቁረጫ መሀሉን ያወጣል፤ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዙሪያው እንደ ቀለበት ይተርፋል። አንዳንድ አገር ሆስፒታሎች ይህን ቀለበት ለባክቴሪያና ለፈንገስ ካልቸር፣ ማለትም ተውሳኩን ሳህን ላይ አብቅሎ ለማየት፣ ይልኩታል። ወደ ላቦራቶሪ ካልተላከ ግን የሚሄደው ከቀዶ ሕክምናው ቆሻሻ ጋር ነው። ይህ ሥራ የለመደ ሰው ሲያስበው ያንገበግባል። ያ ቀለበት ተቀባዩ ዓይን ውስጥ ከገባው ጋር አንድ ሥጋ ነው። አንድ ፈሳሽ ውስጥ ነው የቆዩት።

ቀለበቱ ለሁለት ይከፈል። ግማሹ ለአካንታሚባ ካልቸር ይሁን። ምግብ የሌለበት አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ ነገር) በያዘ ሳህን ላይ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ይቀባል። ናሙናው መሀሉ ላይ ይቀመጣል። ሳህኑ እንዳይደርቅ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። 30 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጥና በየቀኑ ማይክሮስኮፕ ላይ ይታያል። አሜባ ካለ ባክቴሪያውን እየበላ የሄደበት ዱካ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ዱካውን ተከትላችሁ ስትሄዱ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ። ቀን ሲጨምር ድርብ ግድግዳ ያላቸው፣ ማዕዘን ማዕዘን ያወጡ ሽሽጎቹ ይታያሉ። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይስተውም። ይህ ውድ ምርመራ አይደለም። ማንኛውም ደህና የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ሊሠራው ይችላል። የሚጠይቀው ትዕግሥትና በየቀኑ የሚያይ ሰው ነው።

ሌላው ግማሽ ለፒሲአር፣ ዘረመልን አባዝቶ ለሚፈልገው ምርመራ፣ ይሁን። የፒሲአር መሣሪያ በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቦታ ገብቷል። ለኦንኮ ደግሞ ከባዶ አንነሳም። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር ዝንቦችን ሰብስቦ፣ ጭንቅላታቸውን ለይቶ፣ የትሉን ዘረመል በፒሲአር የሚፈልግ ላቦራቶሪ አለ። ከዝንብ ጭንቅላት ውስጥ የሚያገኝ ባለሙያ ከብሌን ጠርዝ ውስጥ ማግኘት አያቅተውም።

አንድ የማውቀው የዓይን ቀዶ ሐኪም ይህን ስነግረው ሁለት ነገር አነሳብኝ። አንደኛ «ውጤት እስኪመጣ ብሌኑ ይበላሽብኛል» አለ። አይበላሽም፤ ምክንያቱም የሚመረመረው ከተከላው በኋላ የተረፈው ነው። ቀዶ ሕክምናው አንድ ቀንም አይዘገይም። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። «ፒሲአር የሞተውንም ዘረመል ያገኛል። አለ ከተባለ ሕመምተኛው ይሸበራል» አለ። እውነት ነው። ለዚህ መልሴ፣ ውጤቱ ለሐኪሙ የክትትል መረጃ ይሁን የሚል ነው። ፒሲአሩ አለ ካለ ተቀባዩ ቶሎ ቶሎ ይታይ፣ ስቴሮይዱ በጥንቃቄ ይሰጠው፣ ዓይኑ ከቀላ ደግሞ «ገፋው» ከመባሉ በፊት አሜባ ይፈለግ። ካልቸሩ ላይ የሚንቀሳቀስ አሜባ ከታየ ግን ክርክር የለም፤ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደወል።

ከላቦራቶሪው በፊት የሚመጣ ደግሞ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ ብሌን የተተከለላት አንዲት ሴት በእብድ ውሻ በሽታ ሞተች። ለጋሹ የሞተው በሌላ የነርቭ በሽታ ነው ተብሎ ነበር። ያ የቫይረስ እንጂ የተውሳክ ነገር አይደለም። ግን የሟቹን ታሪክ በደንብ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ የሚቀድም መሆኑን የዓይን ባንኮች የተማሩት እንደዚያ ካሉ ሰዎች ሕይወት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ የሚጠየቅበት ቅጽ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ እላለሁ። ሟቹ ለረጅም ጊዜ የኖሩት የት ነው? የኦንኮ ክኒን ወስደው ያውቃሉ? ዓይናቸውን አሟቸው፣ ወይም ተጭሮባቸው ያውቃል? መልሱ ማንንም ከመለገስ አያስቀርም። ላቦራቶሪው ምን እንደሚፈልግ ይጠቁመዋል እንጂ።

ለቤተሰቦችም የማክለው አለኝ። ዓይን ባንኩ ዘንድ የሚደወለው ገላ ከመታጠቡና ከመገነዙ በፊት ይሁን። አንደኛው ምክንያት ሰዓቱ ነው። ሌላው የራሴ ሐሳብ ነው፤ አሜባው የሚኖረው ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ ዓይኑ የቧንቧ ውሃ ሳይነካው በንጹሕ ፈሳሽ ቢጸዳ ይሻላል። ፊት አይበላሽም። ሟቹን የሚሰናበት ሰው ልዩነት አያይም። የተረፈው ጠርዝ ለምርመራ መዋሉም ለቤተሰቡ በግልጽ ይነገር፣ ፈቃድ ይጠየቅ። ናሙናው ላይ ስም አይጻፍ፤ ቁጥር ይበቃል።

ይህ ለጥቂት ዓመታት ቢሠራ በስንት ብሌን ላይ ምን እንደተገኘ በራሳችን ቁጥር መናገር እንችላለን። ምንም ካልተገኘ ለቅሶ ላይ ለሚነሳው ወሬ መልስ ይኖረናል። ከተገኘም የተገኘበት ሰው ይታከማል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳ ሰው አይታየኝም።

ዓይን ባንኩ፣ ቀዶ ሐኪሞቹና የፓራሳይት ላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ሥራው ይጀመር ከተባለ የአካንታሚባ ሳህን እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚነበብ ለወጣት ባለሙያዎች ያለ ክፍያ ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ። ዓይኔ አሁንም ማይክሮስኮፕ ላይ ያያል። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻ ልኬያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ